«ና» ልበለው ወይስ «በርታ»?

ደብዳቤው

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ21 ዓመት ልጅ አለኝ። ቤዝቦል ተጫዋች ነው፤ ኳስ ወርዋሪ፣ እነሱ ፒቸር የሚሉት። ከሁለት ዓመት በፊት ኮሌጁን አቋርጦ ለአንድ የሜጀር ሊግ፣ የዋናው ሊግ፣ ክለብ ፈረመና ወጣቶቹ ወደ እሱ ለማደግ የሚጫወቱበት ማይነር ሊግ ገባ። ባለፈው ዓመት እየወረወረ ሳለ የቀኝ ክርኑ ጅማት ተበጠሰ። ቶሚ ጆን የሚሉትን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሰባት ወሩ ነው። አሁን ፍሎሪዳ፣ ክለቡ ግቢ ውስጥ ሆኖ እያገገመ ነው። ጓደኞቹ ጨዋታ ላይ ናቸው፤ እሱ ላስቲክ ሲጎትት ይውላል። በቪዲዮ ሲያወራኝ እንኳ ኳሷን በግራ እጁ ይዞ ስፌቷን ይዳብሳል። ባለፈው ሳምንት እኩለ ሌሊት ላይ ደውሎ "እማዬ፣ ክንዴ የኔ አልመስል አለኝ፣ በቃኝ" ብሎ አለቀሰ። አባቱ "ይምጣና ይማር፣ እኔ ቀድሞም ብያለሁ" ይላል። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ስልክ ላይ ቀርቦ አነጋግሮት አያውቅም፤ "ሰላም በይልኝ" ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ደግሞ "አምጪውና ወጌሻ ይየው" ትለኛለች። እኔ ጨዋታውን አላውቀውም። ልጅ እያለ ባስቆመው ኖሮ እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ና ልበለው ወይስ በርታ ልበለው?»

ምላሽ

ውድ እህቴ፣

ሁለቱንም አይበሉት።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ የደረስኩት እዚሁ ላይ ነው። «ና» ካሉት የእርስዎን ፍርሃት ተሸክሞ ይመጣል። «በርታ» ካሉት ደግሞ ሌሊት እየደወለ ማልቀሱን ይተዋል። ለቅሶው አይቀርም፤ የሚቀረው እርስዎ ዘንድ መድረሱ ነው። ሁለቱም ቃላት ፍርድ ናቸው፤ ልጅዎ በእኩለ ሌሊት የደወለው ግን ፍርድ ሊጠይቅ አይመስለኝም።

ጨዋታውን አላውቀውም ስላሉኝ በመጀመሪያ ክንዱ ላይ የደረሰውን ላስረዳዎት። ይህን ማወቅ ከሚበላዎት ጸጸት ግማሹን ያነሳልዎታል ብዬ አምናለሁ።

ወርዋሪው የሚቆምበት ጉብታ መቺው፣ ኳሷን በዱላ የሚመታው ተጫዋች፣ ካለበት 18 ሜትር ተኩል ገደማ ይርቃል። ኳሷ ይህን መንገድ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ትጨርሳለች። እ.ኤ.አ. በ2008 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) በሜጀር ሊግ የፈጣኗ ውርወራ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 147 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር። በ2024 ወደ 152 ተጠግቷል። አማካዩ ነው እንግዲህ። ማይነር ሊግ ያለ ልጅ ደግሞ ከአማካዩ በላይ ካልወረወርኩ ማን ዞር ብሎ ያየኛል እያለ ነው የሚያድረው። ክንዱ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ ወደ ፊት በሚወነጨፍበት ቅጽበት ክርኑ በውስጠኛው በኩል ተላቆ ሊከፈት ይታገላል፤ እንዳይከፈት አጥብቃ የምትይዘው በዚያ በኩል ያለችው ጅማት ናት። እሷ ናት የተበጠሰችው። ሜጀር ሊግ ራሱ በ2024 መጨረሻ ባወጣው ዘገባ የወርዋሪዎችን ጉዳት መብዛት ካያያዘባቸው ዋና ዋና ነገሮች መካከል ፍጥነትን ማሳደድና እያንዳንዷን ኳስ በሙሉ ኃይል መወርወር ይገኙበታል። ስለዚህ እርስዎ ባስቆሙት ኖሮ የሚለውን ይተዉት። ልጅዎን የጎዳው ትልልቆቹ ክለቦች እንኳ መላ ያላገኙለት የአንድ ሙያ አደጋ ነው።

ቀዶ ሕክምናውስ? ሐኪሙ ከራሱ ከልጁ አካል፣ ብዙ ጊዜ ከክንዱ ወይም ከጭኑ፣ ሌላ ጅማት ወስዶ የክርኑን አጥንቶች ይበሳና በቀዳዳዎቹ አሾልኮ ያስረዋል። ይህ ጅማት ቀድሞ ጡንቻን ከአጥንት ያያይዝ የነበረ ነው፤ አሁን አጥንትን ከአጥንት አስረህ ያዝ ተብሏል። አዲስ ሥራ ነው የተሰጠው። ሥራውን እስኪለምድ፣ ደም እስኪያገኝ፣ ውስጡ እስኪለወጥ ከዓመት በላይ ይፈጅበታል። ተነቅሎ የተተከለ ችግኝ አይተው ያውቃሉ፤ ቅጠሉ ለምልሞ ሥሩ ገና አልያዘም። ልጅዎ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ወራቱን ልቁጠርልዎት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክንዱን አጥፎ በሚይዝ ድጋፍ ያልፋሉ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ወር ኳስ ይጨብጣል፤ ከ14 ሜትር ገደማ ላይ፣ በቀስታ፣ ተቆጥሮ በተሰጠው ልክ ብቻ ይወረውራል። ከዚያ ርቀቱ ቀስ እያለ ይጨመራል። ጉብታው ላይ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው ወር ነው። መቺ ፊት ቆሞ መወርወር ከዚያም በኋላ ይመጣል። እውነተኛ ጨዋታ ላይ ለመድረስ ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል፤ ከዚያ የሚዘገይም አለ።

ሰባተኛው ወር እንግዲህ ከሁሉም የከፋው ነው። ቁስሉ ገጥሟል፣ ጠባሳው ቀጥኗል፣ ክርኑ ይታጠፋል ይዘረጋል፤ ያየው ሁሉ «ድነሃል እኮ!» ይለዋል። እሱም አምኖ ይወረውራል፤ ኳሷ ግን ካሰባት ክንድ ሙሉ ርቃ ታርፋለች። የሺህ ጊዜ ልማዱ አልታዘዝ ብሎታል። «ክንዴ የኔ አልመስል አለኝ» ያለዎት ይህን ነው። ከዚህ መንገድ የተመለሱ ወርዋሪዎች ደጋግመው የሚናገሩት ነገር ነው፤ ጉልበቱ ቀድሞ ይመለሳል፣ ኢላማው ይዘገያል። ልጅዎ ሞኝም ሰነፍም አይደለም፤ የሚሰማው ነገር ከቀዶ ሕክምናው ጋር አብሮ የመጣ ነው።

ለዚህ ነው ዛሬ አይወሰን የምለው። በሰባተኛው ወር ላይ ሆኖ «በቃኝ» የሚል ልጅ ስለ ቤዝቦል እየተናገረ ነው ወይስ ስለ ድካሙ፣ እሱ ራሱም ሊለየው አይችልም። መቺ ፊት ቆሞ፣ ጥቂት ጨዋታ ተጫውቶ፣ ጠዋት ሲነሳ ክርኑ እንዴት እንደሆነ አይቶ «በቃኝ» ካለ ያኔ ቃሉ የራሱ ነው፤ እናንተም ደስ ብሏችሁ ተቀበሉት።

የቀዶ ሕክምናው ስም ከየት እንደመጣ ነግረውት ይሆናል፤ እርስዎም ይወቁት። ቶሚ ጆን የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ግራኝ ወርዋሪ ነበር። በ1974 ክርኑ ሲበጠስ 31 ዓመቱ ነው። ያን ጊዜ ይህ ጉዳት የሙያ ፍጻሜ ነበር። ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ ማንም ወርዋሪ ላይ ሞክሮት የማያውቀውን ቀዶ ሕክምና መስከረም ላይ አደረገለት፤ የመመለስ ዕድሉንም ከመቶ አንድ ብሎ ገመተ። ቶሚ ጆን የ1975ን የውድድር ዓመት ሙሉ አልተጫወተም። በ1976 ተመለሰ፤ እስከ 1989 ድረስም ወረወረ። ከጉዳቱ በፊት 124 ጨዋታ አሸንፎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ 164 አሸነፈ። ዛሬ ሕክምናው የተለመደ ሆኗል፤ ከሚያደርጉት ወርዋሪዎች መካከል ከአምስት አራቱ ገደማ ተመልሰው ይወረውራሉ።

ለልጅዎ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ጄኮብ ዴግሮም ነው። እሱም ገና ማይነር ሊግ በገባበት ዓመት፣ በ2010፣ ይኸው ጅማት ተበጥሶበት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። 2011ን ሙሉ ተቀምጦ አሳለፈ። ሜጀር ሊግ የገባው በ2014 ነው፤ በዚያው ዓመት የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ፤ በ2018ና በ2019 ደግሞ ለምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ። ይህን ብቻ ነግሬዎት ባቆም ግን አልታመንም። በ2023 ያው ክርን እንደገና ተጎድቶ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አድርጓል፤ ከዚያም ተመልሷል። ደግሞም ከማይነር ሊግ ተጫዋቾች አብዛኞቹ ደህና ክርን ይዘውም ሜጀር ሊግን ሳይረግጡ ይቀራሉ። ስለዚህ «እንደ ዴግሮም ትሆናለህ» አይበሉት። «ያለህበትን ቦታ እሱም ኖሮበታል» ማለት ይበቃል።

አባትየው ቤዝቦሉን ባይወድም ሩጫውን ሳይወድ አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። እስቲ ኃይሌን ያስታውሱት። ሲድኒ 2000 ላይ ፖል ቴርጋትን በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ ስንጨፍር ተረከዙ ታምሞ እንደነበር ስንቶቻችን ልብ አልን? ከዚያ በኋላ የተረከዝ ጅማቱን ቀዶ ሕክምና አደረገ። በነሐሴ 2001 ኤድመንተን ላይ፣ አራት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን በሆነበት ርቀት፣ ሦስተኛ ወጣ። ያን ቀን ቤታችን ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር፤ አለቀለት ያልነው ብዙ ነን። በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ለአባትየው ይህን ይንገሩት። ልጁ ኃይሌ ይሆናል ለማለት አይደለም፤ ጅማት ጊዜ እንደሚፈልግ በሚያውቀው ሰው በኩል እንዲገባው ነው።

አሁን ወደ ቃሉ ልመለስ፤ ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው።

ታናሽ ወንድሜ በ19 ዓመቱ እግር ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ተጎድቶ ወራት ቤት ተኝቷል። ሰፈርተኛው ብርቱካንና ሙዝ እየያዘ ይጠይቀዋል፤ ሁሉም ሲወጣ በር ላይ ዞር ብሎ «በል በርታ እሺ! መቼ ነው እንግዲህ ሜዳ የምናይህ?» ይላል። በፍቅር ነው፤ አንድም ሰው ክፉ አላሰበም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የውጭው በር ሲንኳኳ ወንድሜ ክራንቹን ይዞ ወደ ጓዳ መግባት ጀመረ። ጤፉ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጦ እንግዳው እስኪሄድ ይጠብቃል። እናቴ አንድ ቀን ተከትላው ገባች። ምንም አላለችም፤ አጠገቡ ተቀምጣ ምስር መልቀም ጀመረች። ቆይታ «አይዞህ» አለችው፣ ቀና ሳትል። ያን ጊዜ ነው ማታ ማታ ጉልበቱ እንደሚያቃጥለው፣ ለሐኪሙም ደብቆ እንደቆየ የነገራት።

«በርታ» ትእዛዝ ነው። አሁን ያለህ አይበቃም፣ ጨምር ማለት ነው። ያ ልጅ ቀኑን ሙሉ ከአሠልጣኙም ከሐኪሙም ከራሱም ሲሰማው የሚውለው ይህንኑ ነው። «አይዞህ» ግን ምንም አይጠይቀውም። እኔ አለሁ ብቻ ነው የሚለው። እሱ አማርኛው እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ቢሆንም እንኳ ይህችን ቃል ከእርስዎ አፍ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃታል፤ ወድቆ ሲነሳ የሰማት ናት።

ከዚያ ቀጥሎ «መቼ ትመለሳለህ?» አይበሉት። «ክንድህ እንዴት ነው?» የሚለውንም በየቀኑ አይጠይቁት፤ ልጁ ክንድ ብቻ መስሎ እንዲሰማው ያደርጋል። ስለ ምግቡ፣ አብሮት ስለሚያገግመው ልጅ፣ ፍሎሪዳ ስለ ጣለው ዝናብ ያውሩ። የሥራው ወሬ የግድ ከሆነ «ዛሬ ስንት ሜትር ደረስክ?» ይበሉት። መልስ ያለው ጥያቄ ነው። ትላንት 27 ዛሬ 36 ካለ እድገቱን በራሱ አፍ ተናገረው ማለት ነው። ደብተር ይግዙና እርስዎም ይጻፉት፤ ቁጥሩ የሚቀንስበትም ቀን ይኖራል፣ ያንንም ይጻፉት።

አንድ ነገር ግን ሳይጠይቁት አይለፉ። ያን ሌሊት ያመመው ምኑን ነው? ከልምምድ በኋላ የጡንቻ ዝለት የተለመደ ነው። ክርኑ ውስጥ የሚወጋ ሕመም፣ ወይም ትንሿ ጣቱና ቀለበት ጣቱ የሚደነዝዙ ከሆነ ግን በማግሥቱ ጠዋት ለክለቡ ሐኪም መንገር አለበት፤ በክርኑ ውስጠኛ በኩል የሚያልፍ ነርቭ አለና። ወጣት ተጫዋቾች ከቡድኑ እቀነሳለሁ ብለው ሕመም ይደብቃሉ። እርስዎ ሊረዱት የሚችሉት ትልቁ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ እንዳይደብቅ ማድረግ። የሌላ ሐኪም አስተያየት ቢፈልግ የሚጠይቅበትን መንገድ የተጫዋቾች ማኅበሩ ይነግረዋል። ማይነር ሊጎች ከ2022 ጀምሮ በማኅበሩ ውስጥ ናቸው።

እህትዎን ደግሞ በፍቅር እምቢ ይበሏት። ብዙ ቤት ወጌሻ ያዳነው ሰው አለ፣ እኔም አልክድም። ይህ ክርን ግን ውስጡ ተበስቶ የታሰረ ነው፤ የማያውቀው እጅ ቢያሸው ሊያላላው ይችላል። ማንም እንዳይነካው። ጸበሉን ከፈለጋችሁ ሂዱ፣ ጸሎቱንም አታቋርጡ፤ እሱ ከሕክምናው ጋር አይጣላም። ከዚህ የሚላክለት ነገር ላይም ጥንቃቄ ያድርጉ። በርበሬውንና ቆሎውን ይላኩ። «ለጅማት ጥሩ ነው» ተብሎ የተገዛ ዱቄትና ክኒን ግን ክለቡ ሳያየው እንዳይወስድ። ተጫዋቾቹ የተከለከሉ መድኃኒቶች ምርመራ ይደረግባቸዋል፤ መለያው ላይ ያልተጻፈ ነገር የያዘ አንድ ጣሳ ከጉዳቱ በላይ ሊያስቀጣው ይችላል።

የአባትየው ሐሳብም የሚናቅ አይደለም። ለትምህርት መጨነቁ ትክክል ነው፤ ጊዜው ብቻ ነው ያልሆነው። በ2023 በተፈረመው የኅብረት ስምምነት ሲንግል ኤ የሚባለው የማይነር ሊግ ደረጃ ላይ ያለ ተጫዋች ዝቅተኛ የዓመት ደመወዝ 26,200 ዶላር ሆኖ ነበር። በዚህ ሀብት አይሠራም፤ ሜሪላንድ የሚኖር ሰው ይገባዋል። ስለዚህ የፈረመውን ውል አውጥታችሁ አብራችሁ አንብቡት። ብዙ ተጫዋቾች ሲፈርሙ ክለቡ ወደፊት የኮሌጅ ክፍያ የሚሸፍንበት አንቀጽ ውላቸው ውስጥ ይገባል፤ ጨዋታውን ካቆሙ በኋላ ትምህርቱን መጀመር ያለባቸው የጊዜ ገደብም ሊኖረው ይችላል። ያ አንቀጽ ካለ አሁን ተበሳጭቶ ቢመጣና ቀኑን ባያውቀው አባቱ የተመኘለት የትምህርት ገንዘብ ሊያመልጠው ነው። ማገገሚያ ላይ ያለ ልጅ ከሰዓት በኋላ ረጅም ጊዜ አለው፤ ከፈለገ አንድ ኮርስ በኢንተርኔት ይጀምር። ከፈለገ ነው ያልኩት። በቅጣት መልክ ከቀረበለት አይሆንም።

ኳሷን በግራ እጁ እየዳበሰ ያወራኛል ብለው የጻፉልኝን ደጋግሜ አሰብኩበት። ይወደዋል ማለት ነው ብዬ አልፈርድም፤ ልማድም ሊሆን ይችላል። ግን ሰው የጠላውን ነገር ከእናቱ ጋር ሲያወራ በእጁ አይዝም።

«ቀድሞም ብያለሁ» የሚለውን አባትየው ለእርስዎ ቢል ግድ የለም፤ ልጁ ጆሮ እንዳይደርስ ብቻ አደራ። እኔ እንደሚመስለኝ ሰውዬው ስልኩን የሚሸሸው ስለተናደደ አይደለም። የልጁን ድምፅ ከሰማ የሚሆነውን ስለሚያውቅ ነው። ብዙ አባቶቻችን እንዲህ ናቸው፤ «ሰላም በይልኝ» ውስጥ ስንት ነገር ይከቱበታል። ስለዚህ የንግግር ትምህርት አይስጡት። የሜትር ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት፣ ከሥራ ሲመጣ ይየው። እሑድ ልጁ ሲደውል «አንዴ ያዝልኝ፣ ቡናው ሊገነፍል ነው» ይበሉና ስልኩን ለአባቱ አቀብለው ወደ ማድ ቤት ይግቡ። ዛሬ ስንት ሜትር እንደደረሰ እሱ ይጠይቀው።